ለብርቱካን ስም ያወጣላት ማነው?

ይህን የኢንተርኔት መወያያ ክር የከፈተው ስቶክሆልም የሚኖር ልጅ ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ የአትክልትና ፍራፍሬ ክፍል ይሠራል። አብሮት የሚሠራው ግሪካዊ ብርቱካንን «ፖርቶካሊ» ይላል። እኛ «ብርቱካን» እንላለን። ለልጁ ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች መስለውታል። ስዊድኖቹ ግን «አፔልሲን» ነው የሚሉት። ካሸር ላይ የምትቀመጠው ስፔናዊት ደግሞ «ናራንሃ» ትላለች። ቃሉን ግሪኮች ከእኛ ወስደውት ይሁን እኛ ከእነሱ፣ የሚያውቅ ሰው እንዲያስረዳው በትሕትና ጠየቀ።

እኔ ክሩ ላይ የደረስኩት መልሱ ሠላሳ ሊሞላ ሲል ነው። አንዳንዱ መልስ ወርቅ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ዝም ቢል ይሻል ነበር። ሁሉንም አነበብኩት።

መልስ ቁጥር 2 ፈጥኖ ደረሰ። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ቃሉ ንጹሕ አማርኛ እንደሆነ ጻፈ። «ብርቱ» ከሚለው ነው የመጣው ባይ ነው፤ ፍሬው ሲላጥ ሽታው ብርቱ ስለሆነ። «ካን» የሚለው ከየት እንደመጣ ግን አልነገረንም። ቁጥር 3 ይህንኑ አድንቆ፣ ፈረንጅ ሁሉን ነገር ከእኛ እንደወሰደ ጨምሮበት ሄደ።

ቁጥር 4 አቴንስ ብዙ ዓመት የኖረች ሴት ናት። ሁለቱን ሳታስቀይም፣ ግን ሳትለማመጥም አረመቻቸው። «ፖርቶካሊ» ማለት ፖርቱጋል ማለት ነው አለች። አገሪቷ ራሷ። ቡልጋሪያዎች «ፖርቶካል»፣ አልባኒያዎችም እንዲሁ፣ ሩማኒያዎች «ፖርቶካለ»፣ ቱርኮች «ፖርታካል» ይላሉ። ያ ሁሉ አካባቢ ብርቱካንን የሚጠራው በፖርቱጋል ስም ነው።

ቁጥር 5 ካርቱም ያደገ ሰው ነው። እሱ ደግሞ ጎዶሎውን ሞላው። ዓረብኛው «ቡርቱቃል» ነው። ሱዳኖች ግን በአፋቸው «ቡርቱካን» ይላሉ፣ መጨረሻው «ን» ሆኖ ልክ እንደ እኛ። ስለዚህ ቃሉ ወደ አማርኛ የመጣው በዓረብኛ በኩል እንጂ ከግሪክ አይደለም ብሎ ደመደመ። አገሪቷንም ዓረቦቹ «ቡርቱጋል» እንደሚሏትና ልዩነቱ አንድ ፊደል ብቻ እንደሆነ አስታወሰ። እኔ በበኩሌ ክሩ እዚህ ላይ ቢያልቅም አልከፋም ነበር። ጥያቄው ተመልሷል።

ቁጥር 2 ግን በቁጥር 6 ተመለሰ። ትንሽ ቅር ብሎታል። ፍሬው የቻይና እንደሆነ ሁሉም የሚያውቀው ነው፣ ታዲያ የቻይናን ፍሬ በፖርቱጋል ስም የሚጠራ ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ ሞገተ። ሳያስበው ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። ክሩን ክር ያደረገው ይሄ ነው።

መልሱን ያመጡት ጀርመን የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ቁጥር 7። ሁሉም ጋሼ እያለ ይጠራቸዋል። የጻፉት ረጅም ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይሄ ነው። ወደ አውሮፓ የገባው ብርቱካን አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። የገቡትም በሁለት በር ነው። መጀመሪያ የመጣው መራራው ነው። በሳንስክሪት «ናራንጋ»፣ በፋርስ «ናራንግ»፣ በዓረብኛ «ናራንጅ» ይባል ነበር። ዓረቦች ሲሲሊንና ስፔንን ሲይዙ ዛፉን ተከሉት፣ ስሙም አብሮ ተተከለ። ስፔኖች «ናራንሃ»፣ ሃንጋሪዎች «ናራንች»፣ ክሮኤሾች «ናራንቻ» የሚሉት ከዚያ ነው። ጣሊያኖች ፊተኛዋን «ን» ጥለው «አራንቻ» አሉ። ከዚያም ፈረንሳይና እንግሊዝ።

ጣፋጩ ግን የመጣው በኋላ ነው፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማና ከዚያ ወዲህ። (እዚህ ክር ላይ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ሕንድ ከደረሰ በኋላ ፖርቱጋሎች በምሥራቁ ንግድ ላይ ጌታ ሆኑ። ጣፋጩን ብርቱካን በየወደቡ ያስተዋወቁትም እነሱ ናቸው። ጋሼ እንዳሉት ገበያተኛ ፍሬ የሚሰይመው ባመጣለት ሰው ነው። ዛፉ መጀመሪያ የት እንደበቀለ ማን ይጠይቃል? ቻይና ሩቅ ናት፣ መርከቡ ግን ወደቡ ላይ ቆሟል።

ቁጥር 8 ያቺው የአቴንሷ ሴት ናት። የጋሼን ነገር ማስረጃ ሰጠችው። ግሪኮች እስከ ዛሬ ሁለቱንም ስም ይዘዋል። ጣፋጩ «ፖርቶካሊ» ነው። መራራው «ኔራንዚ» ነው፣ ያ የድሮው ናራንጅ። አቴንስ መንገድ ዳር ተተክሎ የሚታየው መራራው ነው። ክረምት ላይ ዛፉ በብርቱካን ተሞልቶ እያየህ ማንም አይቆርጠውም። አዲስ መጤ ሐበሻ ብቻ ነው አንድ ቀን ነጥቆ የሚቀምሰው፣ ሁለተኛ አይደግመውም። ግሪኮቹ ቆዳውን በስኳር ቀቅለው ለእንግዳ በማንኪያ ያቀርቡታል። ፋርሶችም እንደ ግሪኮቹ ሁለት ስም እንዳላቸው ጨመረች። መራራውን በድሮው ስም፣ ጣፋጩን በፖርቱጋል ስም ይጠሩታል።

እኔን ከክሩ ሁሉ የገረመኝ ይሄ ነው። ስሞቹ እንዲሁ አልተበታተኑም። መራራውን ቀድሞ ያወቀ ሕዝብ ሁለት ምርጫ ነበረው። ወይ አዲሱን ፍሬ በአሮጌው ስም ይጠራዋል፣ እንደ ስፔኖች፤ ስፔኖቹ መራራውን ለመለየት «መራራ ናራንሃ» ይሉታል። ወይ ደግሞ ለአዲሱ አዲስ ስም ያወጣለታል፣ እንደ ግሪኮች።

ቁጥር 9 ከሊዝበን ሳቁን ይዞ መጣ። ፖርቱጋሎች ራሳቸው ብርቱካንን ፖርቱጋል አይሉትም። «ላራንዣ» ነው የሚሉት፣ ያው የዓረቡ ናራንጅ ነው «ን» ወደ «ል» ዞሮ። ግማሹ ዓለም ፍሬውን በአገራቸው ስም ሲጠራ እነሱ በዓረብ ስም ይበሉታል። አክስቱ በዚሁ ፍሬ ስም የሚጠሩ ስለሆነ፣ ሊዝበን ሊጠይቁት ሲመጡ ወደ አገራቸው እንደገቡ እንደሚነግራቸውም ጻፈ። ይሄ መልስ ከሁሉም በላይ ልብ ተሰጥቶታል።

ቁጥር 10 ሮም ነው ያለችው። ጋሼ ጣሊያንን አንድ አድርገው መጻፋቸው ትክክል አይደለም አለች፣ በአክብሮት። መጽሐፉ ላይ «አራንቻ» ቢልም፣ ኔፕልስ ገበያ ወርዶ የሰማ ሰው ሽማግሌዎቹ «ፑርቱአሎ» ሲሉ ያገኛቸዋል። ሲሲሊም እንዲሁ ይመስላል። ስለዚህ የፖርቱጋል ስም ግሪክ ላይ ብቻ አልቆመም፣ ደቡብ ጣሊያንም ገብቷል። ጋሼ ወዲያው አመሰግናለሁ ልጄ ብለው ተቀበሏት።

እስካሁን የስቶክሆልሙ ልጅ «አፔልሲን» አልተፈታም። ፈቺው ቁጥር 12 ነው፣ ሮተርዳም ወደብ የሚሠራ ሰው። «አፔል» ፖም ነው፣ «ሲን» ቻይና ነው። የቻይና ፖም። ደቾች፣ ማለትም ሆላንዶች፣ ገልብጠው «ሲናስአፐል» ይሉታል። ከሰሜን ወደቦች ተነሥቶ ዴንማርክ፣ ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ፊንላንድ ደረሰ። ሩሲያዎችም ከደች ወስደው «አፔልሲን» አሉ። ጀርመን ራሷ ለሁለት ተከፍላለች። ሰሜኑ «አፕፈልሲነ» ሲል ደቡቡና ኦስትሪያ «ኦራንዠ» ይላሉ። ቁጥር 6 ላይ ቻይና ለምን ተረሳች ብሎ የተቆጣው ሰው እዚህ ጋ መጽናናት ነበረበት። አንድም ቃል አልጻፈም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ፖም ዞረ። ቁጥር 13 ከፓሪስ፣ አውሮፓ ስም ያጣለትን ፍሬ ሁሉ ፖም እንደሚለው ጻፈች። ድንች በፈረንሳይኛ «የመሬት ፖም» ነው። ቲማቲም በጣሊያንኛ «የወርቅ ፖም» ነው። የፖላንዱ «ፖማራንቻ»ም ፖምና አራንቻ ተጣብቀው የተሠራ ነው። ቁጥር 14 ከእስራኤል ገባና በዕብራይስጥ ብርቱካን «ታፑዝ» እንደሚባልና ይህም «የወርቅ ፖም» የሚለው አጥሮ እንደሆነ አስረዳ። ድንቹንም ዕብራይስጥ «የመሬት ፖም» ይለዋል። እሱ በዚያው ስለ ትርንጎ ጀመረ። ለዳስ በዓል የሚያዘው «ኤትሮግ» የእኛው ትርንጎ እንደሆነ፣ ስሙም የፋርሱን «ቶራንጅ» እንደሚመስል። እኔ እዚህ ትንሽ ቢቆይ እወድ ነበር። ትርንጎ ስንት ዘፈን ላይ እየተወደሰ ፍሬውን አይቶ የማያውቅ ብዙ የከተማ ሰው አለ።

አልቆየም። ቁጥር 15 መጣ። የተጠየቅነው ስለ ብርቱካን ነው፣ የድንችና የቲማቲም ክር ሌላ ቦታ ክፈቱ ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ወዲህ ትሕትናው ሳሳ።

ቁጥር 16 ለንደን ነው ያለው። እንግሊዝኛው ለምን በ«ኦ» እንደሚጀምር ሊያስረዳ ሞከረ። ድሮ «ኖሬንጅ» ነበር፣ ከፊቱ «ኤ» የምትባለዋ ትንሽ ቃል ስትመጣ «ን» ወደሷ ተሻገረች፣ እንግሊዞቹም ሳያውቁት ፍሬውን ቆረጡት ባይ ነው። ብዙ ሰው የሚያወራው ታሪክ ነው። ቁጥር 17 ግን አልማረችውም። እንግሊዝኛ ውስጥ «ኖሬንጅ» የሚል ቃል ተጽፎ አልተገኘም አለች። «ን» የጠፋችው ቃሉ እንግሊዝ ሳይደርስ ነው፣ ጣሊያንና ፈረንሳይ ላይ። ፈረንሳዮቹ «ኦ» ያሉት «ኦር» ማለት ወርቅ ስለሆነ ነው፣ የፍሬው መልክ ወርቅ አስታወሳቸው። የእሱ ዓይነት ቆረጣ እንግሊዝኛ ውስጥ መኖሩን ግን አልካደችም። ሽርጥ ድሮ «ናፕሮን» ነበር፣ ዛሬ «ኤፕረን» ሆኗል። እባብ «ናደር» ነበር፣ «አደር» ሆነ። ትምህርቱ ጥሩ ነበር። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ግን ሰውየው ከመጻፉ በፊት እንዲያነብ የምትመክር ነበረች፣ ያቺ ባትኖር ይሻል ነበር።

ቁጥር 18 ራሱ ቁጥር 16 ነው። ፈተና ልቀመጥ አልመጣሁም ብሎ ተኮሳተረ። ስለ እርማቱ ግን ምንም አላለም። ትክክል እንደሆነች ገብቶታል ማለት ነው።

የፓሪሷ ሴት፣ አሁን ቁጥር 19፣ ነገሩን ለማብረድ ስለ ቀለሙ አነሣች። እንግሊዞች ፍሬውን ሳያውቁ በፊት ያንን ቀለም «ቢጫ ቀይ» ይሉት ነበር። የቀለሙ ስም የመጣው ከፍሬው በኋላ ነው። ደረቷ ብርቱካናማ የሆነችውን ትንሽ ወፍ ዛሬም «ደረተ ቀይ» የሚሏት ስሟ የወጣው ያኔ ስለሆነ ነው። ስዊድኖችም የድሮው ቃላቸው «የእሳት ቢጫ» እንደነበር የስቶክሆልሙ ልጅ ራሱ ሥራ ቦታ ጠይቆ መጥቶ ጻፈ። ፊንላንዶች ዛሬ ፍሬውን «አፔልሲኒ»፣ ቀለሙን «ኦራንሲ» ይላሉ፣ ሁለቱ አይገናኙም። እኛ «ብርቱካናማ» ብለን ከፍሬው ቀጥታ ሠራነው። ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው።

ቁጥር 21 ሮተርዳሙ ሰው ነው። ደቾች ብርቱካናማ ለብሰው አደባባይ የሚወጡት ለፍሬው እንዳልሆነ አስረዳ። ደቡብ ፈረንሳይ ኦራንዥ የምትባል ከተማ አለች። ሮማውያን «አራውዚዮ» ይሏት ነበር። ከብርቱካን ጋር ምንም ዝምድና የላትም፣ ድምፁ ነው እየተጠጋ ሄዶ አንድ የሆነው። የዚያች ከተማ መስፍንነት በ1544 በውርስ ለዊልያም ደረሰ፣ ያ ዊልያም ደግሞ በኋላ ደቾችን በስፔን ላይ የመራው ነው። ከዚያ ወዲህ ቀለሙ የንጉሣዊው ቤት ሆነ። አየርላንድ ውስጥ ብርቱካናማ የሚለብሱት ፕሮቴስታንቶችም ከዚያው ቤት የወጣውን ሌላ ዊልያም እያስታወሱ ነው። የዩክሬን የ2004 አብዮት ግን ሌላ ነው፣ እሱ የምርጫ ዘመቻ ቀለም ነበር።

ቁጥር 22 ካሮትም ለዚያ ቤት ክብር ሲባል ብርቱካናማ ተደርጎ እንደተዳቀለ ጨመረ። ጋሼ ይሄን አልወደዱትም። ብርቱካናማ ካሮት ሆላንድ ውስጥ መስፋፋቱ እውነት ነው፣ ለክብር ተብሎ መዳቀሉን ግን የዘመኑ ማስረጃ አያሳይም ሲሉ ጻፉ። ድምፃቸው ግን አልጠነከረም።

ሌላው ሰው ላይ ግን ጠነከሩ። ቁጥር 23 አዲስ ገቢ ነው። «አረንጓዴ» የሚለው ቃላችን ከጣሊያኖቹ «አራንቻ» የመጣ ነው ብሎ አወጀ። ብርቱካን ሳይበስል አረንጓዴ ስለሆነ! ጋሼ በቁጥር 24 ሁለት ድምፅ ስለተቀራረበ ዝምድና አይቆጠርም አሉት። ዝምድና የሚል ሰው ቃሉ መቼ ተጻፈ፣ በማን በኩል ገባ፣ መካከል ላይ ምን ይባል ነበር የሚለውን ያምጣ። ቡርቱካን በካርቱም አለፈ፣ ፑርቱአሎ በኔፕልስ አለፈ፤ አረንጓዴ በየት አለፈ? ሰውየው መልስ አላገኘም። ይልቅ ሽማግሌዎች አዲስ ሐሳብ አይወዱም ብሎ ስድብ ቀረሽ ነገር ጻፈ። ሦስት ሰው ተነሣበት። ከሦስቱ አንዱ፣ ሳይጠበቅ፣ ያ ከቁጥር 17 ጋር የተጣላው የለንደኑ ሰው ነው። የክሩ ተቆጣጣሪም ሰላም እንዲሆን አሳስቦ ሁለት መልስ አጠፋ፤ ከ25 ቀጥሎ 28 የሚመጣው ለዚህ ነው።

ቁጥር 28 የሮሟ ልጅ ናት። አዲስ ነገር አመጣች፤ ማርማላታ። እኛ ማርማላታ የምንለው ዳቦ ላይ የሚቀባ ማንኛውንም የፍራፍሬ ጃም ነው፣ እንደ ጣሊያኖቹ። ልጅ ሆና ቤታቸው የመርቲ ማርማላታ ይበላ እንደነበርና እሱ የብርቱካን እንደነበር አስታወሰች። ከዚያ በኋላ ስድስት ሰባት ሰው ስለ መርቲ ብቻ አወራ። እሱን አልዘረዝርም፣ ዳቦ ላይ የተቀባ ትዝታ ነው ሁሉም።

ቃሉን ግን የሊዝበኑ ልጅ ያዘው። ማርማላታ ከብርቱካን አይደለም የሚጀምረው። ፖርቱጋል «ማርሜሎ» የሚባል ፍሬ አለ፣ ፖም የሚመስል፣ ጥሬውን የማይበላ ጠንካራ ነገር። ከሱ የሚሠራው ጣፋጭ «ማርሜላዳ» ነው። እንግሊዞች ስሙን ወስደው በኋላ የሴቪልን መራራ ብርቱካን አለበሱት። አንዷ ደግሞ የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ ስትታመም ተሠርቶላት ስሙ ከዚያ እንደወጣ ጻፈች። ቁጥር 17 ለአንድ ቃል እንኳ ሳትቸኩል፣ በዚህኛው ለስለስ ብላ፣ ንግሥቲቱ ሳትወለድ ቃሉ እንግሊዝ ውስጥ እንደነበር አሳወቀቻት።

ጋሼ ሕጉን አመጡ። የአውሮፓ ማኅበር በ1979 ባወጣው ደንብ፣ ገበያ ላይ «ማርማሌድ» መባል የሚችለው ከብርቱካንና ከሎሚ ወገን የተሠራው ብቻ ሆነ። እንግሊዞች የፈለጉት ይሄንኑ ነበር። ጀርመንና ኦስትሪያ ግን የሁሉንም ፍሬ ጃም «ማርሜላደ» ማለት የለመዱ ናቸው። ኦስትሪያዎች በኋላ አጥብቀው ስላጉረመረሙ በ2004 በየአካባቢው ገበያ በድሮ ስሙ እንዲሸጥ ተፈቀደ። በስም የተጣላነው እኛ ብቻ እንዳልሆንን ሲነግሩን መሰለኝ፣ ባይሉትም።

አሁን ክሩ አናናስ ላይ ነው። የስቶክሆልሙ ልጅ እንደገና መጥቶ፣ አማርኛ፣ ስዊድንኛ፣ ግሪክኛ፣ ጀርመንኛ፣ ሩሲያኛ ሁሉም አናናስ ሲል እንግሊዝኛ ብቻ ለምን እንዳፈነገጠ ጠየቀ። የለንደኑ ሰው ፈጥኖ፣ እንግሊዞቹ የጥድ ፍሬ ስለመሰላቸው ነው አለ። በዚህኛው ማንም አላረመውም። የስቶክሆልሟ ስፔናዊት ካሸርም «ፒኛ» ብላ ያንኑ የጥድ ፍሬ ትጠቅሳለች፣ እንግሊዝኛ ብቻውን አይደለም። አናናስ የሚለው ከብራዚል ነባር ሕዝብ ከቱፒዎች ቋንቋ ወጥቶ በፖርቱጋሎች መርከብ የተበተነ ቃል ነው። እንደገና እነዚያው ሰዎች።

ያለፈው ሌሊት የሊዝበኑ ልጅ ሰፈሩ ያለው ገበያ ሁለቱም ስም እንደተለጠፈ ጻፈ። «አናናሽ» ከአዞረስ ደሴቶች የመጣው ትንሹና ውዱ ነው። «አባካሺ» ደግሞ ትልቁና ርካሹ። ቁጥር 15፣ ያ በድንች የተቆጣው፣ የትኛው እንደሚጣፍጥ ጠይቆታል።